ደብተሩ ላይ የማን ስም አለ?

 

የዛሬው ጉዳያችን ስሙ ከበድ ይላል። የኤኮኖሚ ፖሊሲና የሴቶች እኩልነት ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ «ይሄስ የባለሥልጣኖች ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። ቃሉን አንድ በአንድ እንፍታው። ኤኮኖሚ ማለት ሰው የሚኖርበት ነገር ሁሉ ነው። እርሻው፣ ከብቱ፣ ገበያው፣ ደመወዙ፣ ብድሩ፣ ግብሩ ሁሉ ኤኮኖሚ ነው። ፖሊሲ ማለት ደግሞ መንግሥት በእነዚህ ነገሮች ላይ «እንዲህ ይሁን፣ እንዲያ አይሁን» ብሎ የሚቆርጠው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ አዋጅ ይሆናል። አዋጁ ወረቀት ይሆናል። ወረቀቱ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርድና በመጨረሻ ከቤታችሁ ይገባል። ቤት ከገባ በኋላ ባልንም ሚስትንም ያያል ወይስ አንዱን ብቻ ያያል? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ስለ ሁሉም ነገር ልናገር ብል ጊዜው አይበቃኝም። ስለዚህ አብዛኛውን ስለ መሬት እናገራለሁ። በአገራችን አብዛኛው ሰው የሚኖረው ከመሬት በሚያገኘው ነውና።

መጀመሪያ የአክስቴን ነገር ላጫውታችሁ። አክስቴ ባሏ ሲሞት አራት ልጆች ነበሯት። ትልቁ ገና እረኛ ነበር። ዘመኑ 1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። የባሏ ተዝካር እንደወጣ የባሏ ወንድም መጣና «መሬቱ የወንድሜ ነው፤ የግብር ደረሰኙም በእሱ ስም ነው» አለ። አክስቴ ደረሰኙን ከሳጥን አወጣች። በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የተቀመጠው። ለስንት ዓመት በጥንቃቄ የጠበቀችው ወረቀት ነው። ነገር ግን ምን እንደሚል አታውቅም። አንባቢ ተፈልጎ መጣ። ተነበበ። እውነትም ያለበት የባሏ ስም ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የሚያውቁትን ፈረዱ። ከመሬቱ ሲሶው ለእሷና ለልጆቿ፣ የቀረው ለሟች ወንድም ይሁን አሉ። ስምምነቱ ተጻፈ። አክስቴም አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች። የፈረመችበትን ወረቀት ያነበበላት ሰው አልነበረም፤ እሷም «አንብቡልኝ» አላለችም። ማፈር ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

እኔ ተምሬ፣ አድጌ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን ዘመን አዋጅ አግኝቼ አነበብሁት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። አንቀጽ 5ን ሳነብ እጄ ቆመ። ባለይዞታው ሲሞት በመሬቱ የመጠቀም መብት የሚስቱ ወይም የባሏ፣ የትንንሽ ልጆቹም ነው ይላል። ወንድም የሚባል የለበትም። ሕጉ ለአክስቴ ነበር ማለት ነው። ሕጉ ከጎኗ ቆሞ ሳለ በዚያ ግቢ ውስጥ አንድም የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ ሲሶ ይዛ ኖረች። አክስቴ አሁን በሕይወት የለችም። እኔም ይህን አንቀጽ ሳላነብላት ሞተች።

እንግዲህ ወደ ፖሊሲው እንግባ።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት የመሬቱ ነገር ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። በሰሜኑ አገር የርስት ሥርዓት ነበረ። በርስት አገር ሴት ልጅም በአባቷ ወይም በእናቷ በኩል ቆጥራ መሬት መጠየቅ ትችል ነበር። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በደቡቡ አገር ደግሞ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። የባለመሬቱን እርሻ ያርሳል፣ ከምርቱ ያካፍላል፣ ውጣ ሲሉት ይወጣል። ጭሰኛው ሲባረር ሚስቱም አብራ ትባረራለች። የእሷ ስም የትም የለም።

የ1967ቱ አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ከ10 ሔክታር የበለጠ መሬት እንዳይዝ ወሰነ። ስለ ሴቶችም ዝም አላለም። ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው ጾታ ሳይለይ መሬት ይሰጠዋል አለ። ጾታ ሳይለይ! ይህን ቃል በጣታችሁ ጠቁሙና ደግማችሁ አንብቡት። ከዚያም ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው አወጣት። ጽሑፉ መልካም ነው። እኔ በበኩሌ መልካሙን መልካም ማለት አልፈራም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ችግሩ መዝገቡ ላይ ነው። መሬቱን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ነበር። ማኅበሩ አባላቱን የሚመዘግበው በቤተሰብ ኃላፊ ነው። የቤተሰብ ኃላፊ ሲባል ደግሞ ባል ማለት ነው። ሴት ኃላፊ የምትሆነው ባል ሲሞትባት ወይም ስትፈታ ብቻ ነበር። ስለዚህ ያገባች ሴት በአዋጁ ውስጥ አለች፣ በመዝገቡ ውስጥ ግን የለችም። ባሏ ሁለትና ሦስት ሚስት ካለው ነገሩ ይብሳል። አንደኛዋ በባሏ ጥላ ስር ትቆጠራለች፤ ሌሎቹ ግን ተረስተው ይቀራሉ።

አዋጅ የሚጽፈው ሰውና መዝገብ የሚጽፈው ሰው አንድ አይደሉም። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ነገር እርሻው ራሱ ነው። በብዙ የደጋ አገር «ሴት እርፍ አትይዝም» ይባላል። ሴቲቱ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ዘር ትመርጣለች፣ እህል ታበጥራለች፣ ለደቦው ምሳና ጠላ ታደርሳለች። በሬ ጠምዳ ግን አታርስም። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ «ነውር ነው»፣ «በረዶ ያመጣል»፣ «ከጥንት እንዲህ ነው» ይሏችኋል። እኔ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው በሒሳቡ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባል የሞተባት ሴት መሬት አላት እንበል። በሬ የላትም፣ አራሽ ልጅ አልደረሰላትም። ስለዚህ መሬቷን በእኩል ትሰጣለች። የእኩል አራሹ በሬውንና ጉልበቱን ያመጣል፤ ምርቱ እኩል ለእኩል ይከፈላል። አሥር ኩንታል ቢገኝ አምስቱ የአራሹ ነው፣ አምስቱ የእሷ ነው። ጎረቤቷ ባል ያላት ሴት አሥሩንም ጎተራ ታስገባለች። መሬታቸው አንድ ዓይነት፣ ዝናማቸውም አንድ ዓይነት ነው። በዚህ ላይ የእኩል አራሹ መጀመሪያ የራሱን መሬት አርሶ ነው ወደ እሷ የሚመጣው። የእሷ ማሳ ዘግይቶ ይዘራል። የዘገየ ዘር ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ለእኔ አትጠይቁኝ።

አራሹ ሰነፍ ከሆነ ትለውጠዋለች አይደል? እዚህ ላይ ነው ወረቀቱ የሚመጣው። ወረቀት የሌላት ሴት አራሽ መለወጥ ትፈራለች። አራሹ ብዙ ጊዜ የባሏ ዘመድ ነው። «ተው» ብትለው ይቀየማል፤ ከተቀየመ ደግሞ «መሬቱ መጀመሪያም የእኛ ነው» ይላል። ለባዕድ ሰጥታ ሁለት ሦስት ዓመት ካረሰውም «ያረስሁት እኔ ነኝ፣ የእኔ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሰነፉን አራሽ ችላ ትኖራለች። ፍርሃቷ በየዓመቱ በኩንታል የሚቆጠር እህል ያስከፍላታል።

አሁን ወደ 1980ዎቹና 1990ዎቹ እንሂድ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት በማግኘት፣ በማስተዳደርና በመጠቀም፣ በተለይም በመሬት ላይ ከወንዶች እኩል መብት አላቸው አለ። መሬት ግን እንደ ቀድሞው የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቀረ፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ይህ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ትልቅ ክርክር ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ በትግራይ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአማራ፣ በኦሮሚያና በዚያን ጊዜው ደቡብ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ተጀመረ። መሬቱ በገመድ ተለካ። አዋሳኞች ቆመው መሰከሩ። ለባለይዞታው የምስክር ወረቀት ወይም ደብተር ተሰጠ። ከ20 ሚሊዮን በላይ ማሳ በጥቂት ዓመታት ተመዘገበ። ብዙ ገንዘብም አልወጣበትም። የቀበሌው ሰው ራሱ ስለሠራው ለአንድ ማሳ አንድ ዶላር ያህል ብቻ ፈጀ። በአፍሪካ ይህን ያህል መሬት በዚህ ያህል ፍጥነትና ርካሽ ዋጋ የመዘገበ ብዙ አገር አልነበረም።

ደብተሩ ላይ ማን ተጻፈ? ይህን አስተውሉ። በትግራይ መጀመሪያ የተጻፈው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። ባል የሞተባቸውና የፈቱ ሴቶች በስማቸው አገኙ። ያገቡት ግን እንደገና ከባላቸው ኋላ ቀሩ። በአማራና በደቡብ ክልሎች ደግሞ ሌላ መንገድ ተያዘ። የባልም የሚስትም ስም ይጻፍ ተባለ። ስም ብቻ አይደለም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍ ተባለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456ም መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ በሁለቱም ስም ይዘጋጅ ሲል ወሰነ። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል፤ የጋራ ምዝገባው ግን አልቀረም።

ፎቶግራፉን ትንሽ ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። ስም ሊጠፋ ይችላል። ስም ሊደባለቅ ይችላል። ማንበብ የማይችል ሰው ስሙ መጻፉንም አለመጻፉንም አያውቅም። ፊትን ግን ያልተማረውም ያነባል። አክስቴ ያን ደረሰኝ ከሳጥን ስታወጣ የራሷ ፊት ከወረቀቱ ላይ ቢያያት ኖሮ ጣቷን ቀለም የምታስነካ አይመስለኝም።

«ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው፤ ምን ስም ያስቆጥራቸዋል?» የሚሉ አሉ። የሚሉትም ወንዶች ብቻ አይደሉም። እውነት ነው፣ በሰላሙ ቀን ደብተሩን ማንም አያወጣውም። ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። የሚወጣው በሁለት ቀን ነው። አንዱ ሞት ሲመጣ ነው፣ ሌላው ፍቺ ሲመጣ ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ቀኖች ነው የተጻፈው። ደብተሩ ፍቅር አይቀንስም። እንዲያውም መሬቱ የጋራ መሆኑ ከታወቀ ባልየው ሚስቱን ሳያማክር ለዘመዱ አይሰጥም፣ አያከራይም። «እስቲ ከእሷ ጋር ልምከር» ይላል። ይህ ለወንዱም ጥሩ ምክንያት ነው፤ መጥፎ ጠያቂ ሲመጣበት የሚሸሸግበት ያገኛል።

ታዲያ ወረቀቱ ምን ለወጠ? በትግራይ ያጠኑ ሰዎች ያገኙትን ልንገራችሁ። የምስክር ወረቀት የያዙ የቤተሰብ ኃላፊ ሴቶች መሬታቸውን ከቀድሞው ይልቅ በድፍረት ማከራየት ጀመሩ። ወረቀቱ ካለ አራሹ «የእኔ ነው» አይልም። ስለዚህ ሰነፉን ትተው ጎበዙን መምረጥ ይችላሉ። በአማራ ክልል በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ደብተር የያዙ ሰዎች እርከንና አፈር መጠበቂያ ይበልጥ መሥራታቸው ታየ። ነገ የእኔ ነው የሚል ሰው ነው ድንጋይ የሚደረድረው። በሬውም፣ ዝናሙም፣ መሬቱም አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ ወረቀት ነው።

መሬቱን ለጊዜው እንተወውና ወደ ቤት ሕግ እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው፣ ሚስት ትታዘዘዋለች ይል ነበር። የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር። ይህ የኤኮኖሚ ሕግ አይመስልም አይደል? ነው እንጂ! ሚስት ልነግድ ብትል፣ ልበደር ብትል፣ ላም ልሽጥ ብትል በባል በር ማለፍ አለባት ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለወጠ። ባልና ሚስት እኩል ናቸው፣ ቤተሰቡንም በጋራ ይመራሉ አለ። የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም ለብድር ዋስትና ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል አለ። ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደርም እንዲሁ። (በዚያን ጊዜ 500 ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ዛሬ ለአንድ ገበያም አይበቃም። የኑሮ ውድነት ሕግንም ያሳጥራል!)

ሕጉ መጀመሪያ የሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ነበረባቸውና አንዳንዶቹ ቀደሙ፣ አንዳንዶቹ ዘገዩ። ይህ መቅደምና መዘግየት ለተመራማሪዎች ምቹ ሆነላቸው። ሕጉ ቀድሞ የደረሰበትን አገር ካልደረሰበት ጋር አስተያዩ። ቀድሞ በደረሰበት አገር ሴቶች ከቤት ውጭ በሚሠራ ሥራ፣ ዓመቱን ሙሉ በሚያሠራ ሥራ፣ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ላይ ይበልጥ ተገኙ። ፋብሪካ አልተከፈተም፣ ብድር አልተሰጠም። «የበላይ» የሚለው አንድ ቃል ነው የተነሣው።

እዚህ ላይ የከተማ አንባቢዎቻችን «የእኛስ?» ሳትሉ አትቀሩም። ባጭሩ ልናገር። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በሐዋሳ ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ገቡበት። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ። በስሟ ደመወዝ የምትቀበል ልጅ በቤተሰቧ ፊት የምትናገረው ቃል ይለወጣል፤ ይህን ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ለግል ድርጅቶች «ከዚህ በታች አይከፈልም» የሚል የደመወዝ ወለል በሕግ አልተቆረጠም። የቤት ኪራይ ተከፍሎ፣ ምሳ ተበልቶ ምን ይተርፋል? ለዚህ ነው ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ሠርተው የሚለቁት። ከዚያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለአገራችን ልብስ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድል አነሣች። ውሳኔው የመጣው ከጦርነቱ ጋር በተያያዘ ነው። ጦርነቱን ያላወጀች፣ ንግድ ያልተዋዋለች የስፌት ልጅ ናት ሥራዋን ያጣችው። በመልካም በኩል ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ የወሊድ ፈቃድን ከ90 ቀን ወደ 120 ቀን ከፍ አድርጎታል። 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ፣ ደመወዟ ሳይቋረጥ። ይህን የምታነቡ ተቀጣሪ ሴቶች ቁጥሩን ያዙት።

በጀትም ፖሊሲ ነው። መንግሥት ገንዘቡን ለምን ያወጣዋል የሚለው ነገር የሴትን ቀን ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል። ምንጭ በቅርብ ከተቆፈረ እንስራ የተሸከመችው ልጅ ትምህርት ቤት ትደርሳለች። ወፍጮ ከመጣ ሌሊት የምትፈጭ እናት ትተኛለች። የአገር ሀብት ሲቆጠር ወፍጮ ቤት የተከፈለው ብር ይቆጠራል፤ በእጅ ድንጋይ የተፈጨው ግን ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ከሩቅ ውሃ ለመቅዳት፣ እንጨት ለመልቀም የሚፈሰውም ድካም ብዙ ጊዜ አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ድካም በጀት ሲከፋፈል የሚያስታውሰው ያጣል።

አንድ ጥሩ ምሳሌ ግን አለ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሠራተኛ ተመደበ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው አካባቢ የተመረጡ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች የወር ደመወዝ ያዙ። ሰዎች ይህን የጤና ሥራ ብቻ ይሉታል። እኔ ግን ሌላም አያለሁ። የገበሬ ልጅ በተወለደችበት ቀበሌ በደብተር ፈርማ ደመወዝ ስትቀበል ታናናሾቿ አይተዋል። ደመወዙ ያንሳል፣ ሥራው ይበዛል፤ እነሱም ይህን ይናገራሉ፤ እውነታቸውንም ነው።

አሁን «ያዙልኝ» ወዳልሁት ነገር ልመለስ። አዋጅ የሚጽፈውና መዝገብ የሚጽፈው አንድ አይደሉም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት እዚህ ወረቀት ላይ አያልቅም። የመሬት ደብተር ያላችሁ ከሳጥን አውጡት። ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። ልጆችም ይምጡ። ብርሃን ባለበት ዘርጉት።

መጀመሪያ «የባለይዞታው ስም» የሚለውን ፈልጉ። የባል ስም አለ? የሚስት ስም አለ? ስሙ የማን ነው ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአንዳንድ አገር ሙሽራይቱ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላታለች። የአባቷ ቤት ስም አንድ ነው፣ የባሏ ቤት ስም ሌላ ነው፣ የክርስትና ስሟ ደግሞ ሌላ ነው። መዝጋቢው ሲመጣ የሰፈሩ ሰው በሚጠራት ስም ጻፋት። መታወቂያዋ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ነገ በፍርድ ቤት «ይህች ሴት እሷ አይደለችም» ሊባል ይችላል። ስሙ ከመታወቂያችሁ ጋር ካልገጠመ የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ ጠይቁና ሰው ሳይሞት፣ ጠብ ሳይመጣ አስተካክሉት።

ከዚያ ፎቶግራፉን እዩ። ቦታው ባዶ ከሆነ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቁ። ቀጥሎ አዋሳኞቹን አንብቡ። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ይላል። ወደ ማሳው ሄዳችሁ በእግራችሁ እየዞራችሁ አንብቡት፤ ከዚህ የተሻለ የንባብ ልምምድ አላውቅም። ባለፉት ዓመታት በብዙ ወረዳ እንደገና በመሣሪያ ተለክቶ ካርታ ያለበት አዲስ ወረቀት ተሰጥቷል። አዲሱን ወረቀት ስትቀበሉ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። በአሮጌው የነበረ የሚስት ስም በአዲሱ ቀርቶ እንዳይሆን።

በመጨረሻ መብትና ግዴታ የተጻፈበት ክፍል አለ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ቃሉም የጽሕፈት ቤት ቃል ነው፤ አይፍረድባችሁ፣ እኔንም አንዳንዴ ያስቸግረኛል። ያልገባችሁን መሥመር በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና በደብተራችሁ ላይ እንዳለ ገልብጡት። ወደ ማስተማሪያው ጣቢያ ስትሄዱ አስተማሪያችሁን ጠይቁ። ደግሞም ማንም ሰው ወረቀት አምጥቶ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ቢልሽ፣ እህቴ፣ መጀመሪያ አንብቢው። ብትዘገዪ ይጠብቅ። አንድ ፊደል ቢያቅትሽ ቁጭ ብለሽ ቁጠሪው፣ ይጠብቅ።

በሚቀጥለው ሳምንት የግብር ደረሰኝ እንዴት እንደሚነበብ እንነጋገራለን። ያላችሁ ይዛችሁ ጠብቁኝ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።